የእትዬ ውድነሽ ስም ጥሪ

የሞታቸውን ወሬ የሰማሁት መገናኛ ሚኒባሱን አቁሜ ተራ ስጠብቅ ነው። ባለቤቴ ዘሃራ ደወለች። "ጀማል፣ እየነዳህ ነው?" አለች ገና ከሰላምታው በፊት። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ፤ ዘሃራ ሽንኩርት ይዘህ ና ለማለት እየነዳህ ነው ብላ አትጠይቅም። "ቆሜያለሁ" አልኳት። "እትዬ ውድነሽ…" አለችና ድምጿ ተቆረጠ። ወላሂ፣ ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ኖሮ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ ሲያደርግብኝ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ "ቆይ እንጂ! ሰው ሞቶብኛል!" ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ ወርዶ መጣና "አይዞህ ወንድሜ፣ እናትህ ናቸው?" አለኝ። "ጎረቤቴ ናቸው" አልኩት። ጎረቤቴ ስል ቃሉ አነሰብኝ፤ ግን ሌላ ምን ልበለው?

እትዬ ውድነሽ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። የእሳቸው መኝታ ቤትና የእኛ መኝታ ቤት የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው የካ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ዩኒት ሊደር ምን ማለት እንደሆነ ትምህርት ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። አስተማሪ ያስተምራል፣ ዳይሬክተር ይፈርማል፣ ዩኒት ሊደር ደግሞ በር ላይ ይቆማል። ያረፈደው፣ ፀጉሩን ያንጨባረረው፣ ከአጥር ሲዘል የተያዘው ሁሉ የሚወድቀው እሳቸው እጅ ላይ ነበር። "ወላጅ ይዘህ ና!" የሚሉት ነገር ስንቱን ወንድ እንዳስለቀሰ የሰፈሩ ሰው ይናገራል። አግብቶ የወለደው ጎረምሳ ሳይቀር እሳቸው ሲያልፉ ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፤ ድምፃቸው ግን እዚህ ሲጣሩ ታችኛው ሰፈር "አቤት" ይባላል ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር።

እኔ ደግሞ እሳቸው ጋ ስላልተማርኩ አልፈራቸውም እል ነበር። ውሸቴን ነው። ሚኒባሱን በር ላይ ጠመም አድርጌ ያቆምኩ ቀን በጃንጥላቸው ጫፍ መስኮቱን ቆርቆር ያደርጉና "ጀማል፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የታሰረ በሬ? አስተካክለህ አቁመው" ይሉኛል። እኔም እየተነጫነጭኩ አስተካክለዋለሁ። ሌላ ምርጫ አልነበረም እኮ።

አሁን ስለ ጭንቅላቴ ላውራ፤ ያለ እሱ የእሳቸው ወሬ አይሟላም። በሹፌርነት ዘመኔ ሁሉ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሰው ገጭቼ አላውቅም፣ የገጨኝም የለም። የጎዳኝ የቆመ መኪና ነው። የሚኒባሱ የኋላ በር ወደ ላይ ሲከፈት ደግፎ የሚይዘው ነገር ከተበላሸ ቆይቷል፤ ረዳቴ ሙላቱ በአንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር የሚያስደግፈው። አንድ ቀን የተሳፋሪ ጆንያ ላወርድ ጎንበስ እንዳልኩ እንጨቱ ተንሸራተተና በሩ መጥቶ አናቴ ላይ አረፈ። አልወደቅኩም፣ አልደማሁም። ለጥቂት ጊዜ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ሙላቱ "ጀሚ! ጀሚ!" ሲል 'ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚጠራው?' እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ አስመለሰኝ። ሙላቱ እያለቀሰ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ "ገደልኩህ" እያለ በሰው ፊት ሲያለቅስ እኔ ነበርኩ የማባብለው።

ሐኪሟ ወጣት ነች፣ ትዕግሥቷ ግን የትልቅ ሰው ነው። ሲቲ ስካን አስነሳችኝና "ደም አልፈሰሰም፣ ስብራትም የለም። ቀላል የአንጎል መናወጥ ነው፤ ኮንከሽን የምንለው" አለች። ዘሃራ ደርሳ ስለነበር ለሁለታችንም አስረዳችን። ጥቂት ቀን ማረፍ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ፣ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ እሷ ሳትፈቅድ መኪና አለመንዳት። ራስ ምታቱ፣ ብርሃንና ጫጫታ መጥላቱ፣ መርሳቱ፣ መነጫነጩ ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችልና ብዙውን ሰው ግን እንደሚለቀው ነገረችን። ቀጥላ የሚያስፈሩትን ዘረዘረች፤ ደጋግሞ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ማንቀጥቀጥ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት። "ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ወዲያው ኑ" አለች። እኔ ከዚያ ሁሉ ምክር ይዤ የወጣሁት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ይለቃል ያለችው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ሰው ታመመ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ገና አልጋዬ ላይ ጋደም ከማለቴ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ሁሉም ከልቡ ነው፣ አላህ ይስጣቸው። ግን የእኛ ሰው ለጥየቃ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከብርቱካኑ ጋር አንድ የሞተ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው።

"የአክስቴ ባል ልክ እንዳንተ ቀላል ነው ተብሎ ተመለሰ። ሻዩን ጠጣ፣ ተጫወተ… በማግስቱ አልነቃም። አንተን ግን አላህ ይጠብቅህ።"

"እኛ መሥሪያ ቤት አንዱ መታጠቢያ ቤት ወድቆ 'ምንም አልሆንኩም' አለ። ምንም ሳይል በሳምንቱ ቀበርነው።"

አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ድምፃቸው ጭንቅላቴ ውስጥ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ "ኧረ እንዳይተኛ! ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከተኛ አይነሳም!" ይሉና ከወዲያ ከወዲህ ይነቀንቁኛል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም እጄን ይዘው "ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ? የት ነህ?" እያሉ ፈተና ያዙኝ። ዘሃራ መሀል ቤት ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። ሐኪሟ ጸጥታ ብላለች፣ ግን ጠያቂ ይባረራል እንዴ? ከዚያስ በኋላ እንዴት አድርገን ሰፈሩ ውስጥ እንኖራለን?

በዚህ መሀል እትዬ ውድነሽ በሩ ላይ ቆሙ። ምንም አላሉም፤ ቤቱ ግን ራሱ ዝም አለ። ያንን ድምፃቸውን ወደ ታች አውርደው "ዘሃራ፣ ሐኪሟ ስለ እንቅልፍ ምን አለች?" ብለው ጠየቁ።

"ይተኛ ነው ያለችው እትዬ። አልፎ አልፎ ቀስቅሰሽ እይው ነው ያለችኝ።"

"እንግዲያው ይተኛል።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "ጠይቃችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግቢው ውስጥ ወንበር አለ።"

አንዱ "እኔ እንኳ ላጫውተው ብዬ ነው" ሲል "አንተን አውቅሃለሁ፤ ስትማርም በወሬ ታስቸግር ነበር። ውጣ" አሉት። ወጣ! ትልቅ ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሽማግሌውም ተከተሉት። እኔ ተኛሁ። ስነቃ በሕይወት ነበርኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ውድነሽ ወንበራቸውን ከቤታቸው አውጥተው የእኛ በር ላይ ተከሉት። ጠያቂ ሲመጣ ብርቱካኑን ይቀበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ አዋጃቸውን ይናገራሉ፤ "በዚህ በር የሞተ ሰው ይዞ መግባት ክልክል ነው። የዳነ ሰው ካለህ ግባና አጫውተው።" ሰዉ የዳነ ሰው ሲባል ግራ ይገባዋል። በሩ ላይ ቆሞ ሲያስብ ቆይቶ "ለነገሩ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" ብሎ የሚመለሰው ብዙ ነበር። ሐሜቱም ተጀመረ። "ጠያቂ ከለከለች"፣ "የሙስሊም ቤት በር ላይ ምን አስቀመጣት?"፣ "የሆነ ነገር ቢደብቁ ነው" ተባለ። ዘሃራ አፍራ ስትነግራቸው "ይበሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስታማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ቢተዉኝ ይከፋኛል" አሉና ሽንኩርታቸውን መክተፋቸውን ቀጠሉ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት መጣ። ራስ ምታቱ ቀለል አለ እንጂ አልሄደም። ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ብድግ ስል ያዞረኛል። የክላክስ ድምፅ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ሹፌር ክላክስ ፈራ ቢባል ማን ያምናል? ቃል ይጠፋኛል። ማንኪያን "ያ… ያ የሚበላበት" እላለሁ፣ ዘሃራ ቃሉን ስታቀብለኝ ደግሞ እጮህባታለሁ። ይሄ ሁሉ ግን ከፍርሃቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ደረቴ ይጠባል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። 'ይኸው! እጄ ዛለ! መጣ!' እላለሁ። ያ የአክስት ባል፣ መታጠቢያ ቤት የወደቀው፣ ሁሉም ተሰልፈው ይታዩኛል። እትዬ ውድነሽ በበር ቢከለክሏቸውም የመጀመሪያው ቀን የገቡት ሙታን አልወጡም ነበር።

አንድ ከሰዓት እንዲያ አድርጎኝ ሐኪም ቤት ተመለስን። ሐኪሟ ዓይኔን፣ እጄን፣ አረማመዴን፣ ሁሉንም አየች። "ደህና ነህ" አለችኝ። "ልብህ የሚመታው እውነት ነው፣ እያስመሰልክ አይደለም። የሚነግርህ ነገር ግን እውነት አይደለም። ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በኋላ ጭንቀት ይመጣል፤ ጭንቀቱ ደግሞ በተራው ራስ ምታቱን ያቆየዋል። ሲመጣብህ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ። እንቅልፍህን ጠብቅ። ቤት ተዘግተህ አትዋል፣ በእግርህ ሂድ።"

ግቢ ስገባ እትዬ ውድነሽ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነበር። "እትዬ፣ እኔ እንጃ፣ ሳላብድ አልቀረሁም" አልኳቸው።

"ያበደ ሰው አበድኩ አይልም፤ ዳይሬክተር ነኝ ይላል" አሉኝ። "ይልቅ ሐኪሟ ያለችህን አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።" ነገርኳቸው። የሚያስፈሩትን ምልክቶች ሁለቴ አስደገሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። "ተነስ፣ ስም ጥሪ ነው" አሉኝ።

"የምን ስም ጥሪ?"

"ቀጥ ብለህ ቁም። ማስመለስ!"

አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጃንጥላቸውን አየሁ።

"አትፍዘዝብኝ። የለም ከሆነ ቀሪ በል። ማስመለስ!"

"ቀሪ" አልኩ።

"የእጅ መዛል!" ሁለት ጣታቸውን አስያዙኝ፤ ጨበጥኳቸው። "ኧረ ልትሰብረኝ ነው። ቀሪ! ማንቀጥቀጥ!"

"ቀሪ።"

"እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት!"

"ራስ ምታትስ አለ እትዬ።"

"ከትናንቱ ብሷል?"

"እንደ ትናንቱ ነው።"

"ታዲያ እየባሰ የሚሄደው ቀሪ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ይግባና ይቀመጥ። ፍርሃት!"

"አለ" አልኩ ወደ መሬት እያየሁ።

"አልሰማሁም!"

"አለ!"

"አንተማ አንድ ቀን ቀርተህ አታውቅ!" አሉ ከጎኔ ወዳለው ባዶ ቦታ በጃንጥላቸው እየጠቆሙ። "ግባ። ከኋላ ተቀመጥ። እጅህን ብታወጣም አልጠይቅህም።"

ሳቅኩ። ጭንቅላቴ ከተመታ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነው፤ ዘሃራ ምን ሆነ ብላ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እትዬ ግን አልሳቁም። "ስማኝ ጀማል" አሉኝ። "እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አንዳቸው እንኳ ከመጡ ቀልድ የለም፤ ወላጅ ይጠራል። ወላጃቸው ሐኪሟ ነች፣ በቀጥታ እሷ ጋ ነው። የቀሩት ግን ሁሉም ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ ረበሸ ተብሎ ደግሞ ትምህርት ቤት አይዘጋም።"

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። ከስም ጥሪው በኋላ እንወጣለን። መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እያለ እያለ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ላይ ደረስን። ጃንጥላቸውን የሚይዙት ለራሳቸው መስሎኝ ነበር፤ እኔን ከፀሐይ ሊከልሉበት ነው ለካ። አጭር ሴትዮ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ለረጅም ወንድ ጃንጥላ ሲይዙ አስቡት! የሰፈሩ ሰው ይስቃል፣ "ልያዘው" ስላቸው ደግሞ "አንተ ጭንቅላትህን ያዝ" ይሉኛል። ጥብቅ ሱሪ የለበሱ ሯጮች በአጠገባችን እየበረሩ ያልፋሉ። እኛ ኤሊ ነን።

አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ ልቤ ተነሳ። መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብዬ "ልቤ! እትዬ፣ ልቤ!" አልኩ።

"የኔም እየመታ ነው" አሉ እያለከለኩ ድንጋይ ላይ ቁጭ እያሉ። "ዳገት ነው እኮ፣ በሚካኤል! ዳገት ላይ የማይመታ ልብ ነው የሚያስፈራው።" አንድ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው ትንፋሼን ቀስ ብዬ እንዳወጣ ጠበቁኝ። ሲያልፍልኝ "ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ አንተ ግን ለሚስትህም ትፈለጋለህ። ተነስ" አሉኝ።

ሁሌ መልካም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ደህና ባልኩበት ቀን ጀግና ልሁን ብዬ እጥፍ እሄድና በማግስቱ ጨለማ ቤት ውስጥ ራሴን ይዤ እውላለሁ። አንዴ እንዲያውም ተቆጥቼ "ይተዉኝ! እርስዎ ምን ያውቃሉ? እርስዎ ፈርተው ያውቃሉ?" ብዬ ጮኽኩባቸው። "አልፈራም፣ ሥራ አለብኝ" ብለው መለሱልኝና በሩን በቀስታ ዘግተውልኝ ወጡ። በማግስቱ እንደ ልማዳቸው መጥተው አንኳኩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚበላኝ ግን መኪናው ነበር። ሲ.ኤም.ሲ የሚኖሩት ባለ መኪናው ደህና ሰው ናቸው፣ ታገሡኝ። ግን መኪና በር ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ ይውላል? "ጀማል፣ ከዚህ ወር በላይ ማቆየት አልችልም፤ ሌላ ሹፌር ማስገባቴ ነው" አሉኝ። እኔ ከመንዳት በቀር የማውቀው ሥራ የለም። በዚያው ሰሞን ሐኪሟ አየችኝና "ማዞሩ ጠፍቷል፣ ዓይንህም ፍጥነትህም ጥሩ ነው። ከፍርሃቱ በቀር የሚከለክልህ የለም። አጭር መንገድ ጀምር፣ ሰው ከጎንህ ይሁን" አለችኝ። ከፍርሃቱ በቀር! እሱ ነው እኮ ነገሩ።

በማግስቱ እትዬ ውድነሽ ስም ከጠሩ በኋላ ቀጥታ ወደ ሚኒባሱ ሄዱና ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። ሙላቱን ጠርተውት ኖሯል፤ ኋላ ገብቷል። የኋላውን በር በገዛ ኪሱ አሠርቶት ነበር፣ ሦስቴ ከፍቶ ዘግቶ አሳየኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ነዳሁ። ዳገቱ ደህና ነበር፤ ማርሽ አንድ፣ ማርሽ ሁለት፣ እጅ የለመደውን አይረሳም። ከላይ ደርሰን መኪናውን ሳዞር ግን ቁልቁለቱ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ታች ከተማው በፀሐይ ያብረቀርቃል። አንድ የጭነት መኪና ክላክስ እያደረገ አለፈን። ልቤ ተነሳ፣ እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

"አልችልም" አልኩ። "ሌላ ሹፌር ይፈለግ። ለባለ መኪናው እደውልላቸዋለሁ።"

እትዬ ውድነሽ ስም ጠሩ። ማስመለስ ቀሪ፣ መዛል ቀሪ፣ ማዞር ቀሪ። ፍርሃት? አለ። "ሌላስ?" አሉ። "ሌላ የለም።" "አንድ ተማሪ ብቻውን ክፍሉን ሞላዋ" አሉና በሩን ከፍተው ወረዱ። ተቀይመው በእግራቸው ሊሄዱ መሰለኝ። እሳቸው ግን መንገዱ ዳር፣ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች የቆሙበት ሄዱና ለኔ ጭንቅላት ብለው ያን ሁሉ ጊዜ በሹክሹክታ አፍነው ያቆዩትን ድምፅ ለቀቁት።

"ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! ሁለት ሰው የቀረው!"

መኪናው ባዶ ነበር። እትዬ ውድነሽ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሙላቱ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሥራው ተቀማ። ሰዉ እየሳቀ ይገባ ጀመር። አንዲት ወጣት "ውይ፣ እትዬ ውድነሽ! ረዳት ሆኑ እንዴ?" ስትላቸው "ዝም ብለሽ ግቢ፤ ዛሬም አርፍደሻል" አሏት።

መኪናው ሲሞላ በእኔ በኩል ባለው መስኮት መጡና ድምፃቸውን መልሰው ዝቅ አደረጉ። "ጀማል፣ አልችልም ካልክ አሁኑኑ አስወርዳቸዋለሁ፣ ማንም አይቀየምህም። በእውነት አትችልም ወይስ ፈርተሃል? ፍርሃትን አይደለም የምጠይቀው፣ አንተን ነው።"

መንገዱን አየሁት። ስንት ሺህ ጊዜ የወረድኩት መንገድ ነው። ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣሁ። እጄን ጨብጬ ፈታሁት፤ ይታዘዘኛል። ፈርቻለሁ እንጂ አቅቶኝ አይደለም። "ይግቡ እትዬ" አልኳቸው። "ሙላቱ፣ በሩን ዝጋው።"

በማርሽ ሁለት ወረድኩ። በየመታጠፊያው ልቤ ይዘላል፣ እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ከኋላ ተሳፋሪዎቹ ስለ ኑሮ ያማርራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ አንዳቸውም የማውቀውን አያውቁም። ፈረንሳይ ሲደርሱ "ወራጅ አለ!" ብለው ወርደው እንደማንኛውም ቀን ተበተኑ። እኔ ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እትዬ ጥቂት ተዉኝና "በቃ፣ በቃ። ነገም ዳገቱ እዚያው ነው" አሉኝ። ነገም ሄድን፤ ከነገ ወዲያም። ወሩ ሲያልቅ መኪናው እጄ ላይ ነበር፣ ዛሬም አለ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ራስ ምታቱ አሁንም ድካም ሲበዛብኝ ብቅ ይላል፤ ፍርሃቱም ዘመድ ነኝ ብሎ ይጠይቀኛል። አልደበቅም፣ ለሌሎች ሹፌሮችም እናገራለሁ። እትዬ ውድነሽ ደግሞ ወንበራቸውን ወደ በራቸው መልሰው ሰፈሩን ሲቆጣጠሩ ቆዩ፣ እስከዚያች ጠዋት ድረስ። ቁርሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ነው ያረፉት።

ከመገናኛ ተመልሼ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ድንኳን ተከልኩ። በማግስቱ ቀብሩ ወደ የካ ሚካኤል ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ሕይወት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። "ጀማል፣ እማዬ አንተን እንዴት ትፈራህ እንደነበር ታውቃለህ?" አለችኝ።

"እኔን? እሳቸው?"

"የታመምክ ጊዜ። ጠያቂውን ሁሉ ከመለሰች በኋላ ጭንቀት ያዛት። 'ብሳሳትስ? ቢሞትብኝስ? ሰው ከልክላ፣ ተኛ ብላ ገደለችው ይሉኛል። እነሱ ይበሉኝ፣ የዘሃራን ፊት ግን እንዴት አያለሁ?' እያለች በስልክ ታለቅስብኝ ነበር። 'ታዲያ ተይው' ስላት ደግሞ ትቆጣኛለች። አልጋዋን ግድግዳው ድረስ አስጠግታ ጆሮዋን ለጥፋ ነበር የምታድረው። እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም። ሲነጋጋ ትደውልልኝና 'እያንኮራፋ ነው፣ ተመስገን' ትለኝና ፊቷን ታጥባ ወደ እናንተ በር ትሄዳለች።"

ለቅሶ ቤት መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ተከተለው፣ ማቆም አቃተኝ። እኔ እኮ የተደገፍኳቸው አይፈሩም ብዬ ነው! የማይነቃነቅ ነገር አገኘሁ ብዬ ነው ሙሉ ክብደቴን የጣልኩባቸው። እሳቸው ግን እኔን የሚያህል ፍርሃት ይዘው፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሼን ሲጠብቁ አድረው፣ ጠዋት በሬን ያንኳኩ ነበር። ይህን አንድ ቀን እንኳ ባውቅላቸው፣ እጃቸውን ይዤ "አይዞዎት እትዬ" ባልኳቸው። አላልኳቸውም።

የዕድሩ ዳኛ ጥሩንባው ከተነፋ በኋላ መጡና "ጀማል፣ አንተ አልቃሾቹን ትጭናለህ ወይስ ሰው እንተካ? ፊትህ ልክ አይደለም" አሉኝ። ልክ አልነበረም። ከለቅሶው ብዛት ጭንቅላቴ ይወቅረኛል፣ ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋዋል፣ ልቤም መምታት ጀምሯል። መኪናው ውስጥ የሚጮኹ ሴቶች ሊሞሉ ነው።

ፊቴን ታጠብኩ። ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ እጄን ጨብጬ ፈታሁት።

"እኔው እጭናለሁ" አልኳቸው። ሕይወትን ጋቢና አስቀመጥኳት። ሙላቱ በሩን ዘጋው፣ እኔም አስከሬኑን ተከትዬ ነዳሁ።